ከማውለቂያ ክፍሉ ስለጎደለው አንድ ሰው

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎም፣ መላው ቤተሰብዎም፣ ከቢሮዎ በር እስከ መኪናዎ በር ያለው አጭር መንገድም በደህና እንደሚገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። ትኩሳት እንዳይነካዎ፣ ጉሮሮዎ እንዳይከረክርዎ፣ ጠዋት ሲነሡ ጉልበትዎ እንዳይከዳዎ ከልቤ እመኛለሁ። ይህን የምለው ለወግ ያህል አይደለም፤ ሦስቱም ምን እንደሚመስሉ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ በራሴ ላይ አይቼ ስላወቅኋቸው ነው። ስለ እኔ ጤና ለሚጠይቅ ካለ፣ በለይቶ ማከሚያው ክፍል አልጋ ቁጥር ሦስት ላይ፣ አፍንጫዬ ላይ ኦክስጅን ተሰክቶልኝ እገኛለሁ፤ ለክቡርነትዎ ደብዳቤ የሚሆን ትንፋሽ ግን አላጣሁም።

ወረቀቱን ሲይዙ አይስጉ። ከዚህ ክፍል ወረቀት አይወጣም። እኔ አንዱን ገጽ ጽፌ በመስኮቱ መስታወት ላይ እለጥፈዋለሁ፣ የካርድ ክፍሏ ጸሐፊ ደግሞ ከማዶ ቆማ በንጹሕ እጇና በንጹሕ ወረቀቷ ትገለብጠዋለች። ከእኔ ወደ እርስዎ የሚመጣው ቃሉ ብቻ ነው፤ ቃል ደግሞ፣ እነዚህ ሁለት ወራት እንዳሳዩን፣ ወደ ክቡርነትዎ አይተላለፍም። የደብዳቤው ግልባጭ በመድኃኒት ቤቱ አጠገብ ባለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ከዚህ በፊት በፖስታ አሽጌ የላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች መንገድ ጠፍቷቸው ይሆናል ብዬ ስለሰጋሁ፣ አራተኛውን ሰው ሁሉ መንገድ እንዲያሳየው ክፍቱን ልኬዋለሁ።

ምናልባት በስሜ አያውቁኝ ይሆናል። በሥራዬ ግን ያውቁኛል፣ ሥራዬን የሰረዙት እርስዎ ነዎትና። ነርስ ነኝ፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ወረርሽኙ ከገባ ወዲህ አሥራ ሁለት ወር ሙሉ የቆምኩት በለይቶ ማከሚያው የማውለቂያ ክፍል ውስጥ ነበር፤ ከበሽተኞች ዘንድ የሚወጡት ሠራተኞች መከላከያ ልብሳቸውን በሚያወልቁበት ክፍል ማለቴ ነው። ሠራተኞቹ «አማት» የሚል ስም አውጥተውልኛል። ቆሜ እያየሁ «ታጠቢ፣ ቀስ በይ፣ እሱን አትንኪ፣ እንደገና ታጠቢ» ከማለት በቀር ሌላ ሥራ ስላልነበረኝ ስሙ ይገባኛል። አብራኝ የምትኖረው የሟች እህቴ ልጅም እዚሁ ነርስ ናት፤ እሷማ ቤት ገብታ ጫማዋን ልታወልቅ ስትል «እትዬ፣ ተፈቅዷል?» እያለች ትቀልድብኝ ነበር።

ቅሬታዎቼን በመሥሪያ ቤታችን ደንብ መሠረት በቁጥር አቀርባለሁ። ቁጥሩ ቢዛነፍ ትኩሳቱን ይውቀሱልኝ።

አንደኛ፦ ሁለት ወር ሊሞላው ጥቂት ቀን ስለቀረው ሰርኩላርዎ የላቀ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። በዚያ ሰርኩላር የማውለቂያ ክፍል አንባቢ የሚባለው የሥራ መደብ የተዘጋው በሁለት ምክንያት እንደሆነ ተገልጿል። አንደኛው፣ የላኩት ተቆጣጣሪ ሲመጣ ሠራተኛዋ «እጇን ወደ ኋላ አጣምራ፣ ምንም ሳትሠራ ቆማ» መገኘቷ ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ጎልማሳ ሰው ልብሱን ለማውለቅ ረዳት አያስፈልገውም» የሚል ነው። ይህን ሁለተኛውን አረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ አሁንም እያተኮሰኝ በቃሌ ልወጣው እችላለሁ።

እጄን ወደ ኋላ ያጣመርኩት ሥራ ፈትቼ ሳይሆን ሥራዬ እሱ ስለሆነ ነበር። አንባቢ ምንም አይነካም። ከወለሉ ቀይ መስመር ጀርባ ቆሞ ያያል፣ ከማውለቂያው ቅደም ተከተል አንዷን ተራ ጮክ ብሎ ያነብባል፣ የሚያወልቀው ሰው ያችኑ ብቻ ይፈጽማል፣ በበረኪና ውኃ የጓንት እጁን ይታጠባል፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ ቀጣዩን ይጠብቃል። አሥራ አራት ተራ ነው፤ አሥራ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። ሲለብሱ ማንም አያስቸግርም። የሚለብስ ሰው ንጹሕ ነው፣ አልደከመውም፣ ይፈራልም፤ ፍርሃቱ ይጠብቀዋል። የሚያወልቀው ግን አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ በፕላስቲክ ውስጥ የተቀቀለ ነው። ላቡ ቦት ጫማው ውስጥ ተጠራቅሞ ሲራመድ ይንቦጫረቃል፣ መነጽሩ በጉም ነጭ ሆኗል፣ ጆሮው በቆቡ ታፍኗል፣ ከዓለም ሁሉ የሚፈልገው አንድ ጊዜ አየር መሳብ ብቻ ነው። በሽታው ከውስጥ አልጋው ላይ ቀርቷል ብሎ ያስባል። የቀረው ግን ልብሱ ላይ ነው፣ ደረቱ ላይ፣ ክንዱ ላይ፣ ከፊቱ አንድ ስንዝር ርቆ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እዚያ ክፍል ውስጥ የፈሰሰ ግን አይለቀምም።

በእነዚያ አሥራ ሁለት ወራት አንድም ሠራተኛ አልታመመብንም። ይህ ቁጥር በሪፖርትዎ ላይ በእርስዎ አመራር የተገኘ ውጤት ተብሎ ሲቀርብ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ አጨብጭቤያለሁ። ተቆጣጣሪው ይህን የማጨብጨብ ሥራዬን አላየልኝም።

ሁለተኛ፦ ስለ መስታወቱም እናመሰግናለን። በማውለቂያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ሰውን ከራስ እስከ እግር የሚያሳይ መስታወት ነበር፤ የሚያወልቀው ሰው ጀርባው ላይ ቅዳጅ፣ ቆቡ ላይ ደም እንዳለ የሚያይበት። ሰርኩላሩ በወጣ በሳምንቱ ሁለት ሰዎች መጥተው፣ በረኪና አርከፍክፈው፣ ተሸክመውት ሄዱ። አሁን በጸሐፊዎ ክፍል ቆሟል። ካርድ ክፍል ከተዛወርኩ በኋላ አንድ ቀን ፋይል ላደርስ መጥቼ እንግዶችዎ ክራባታቸውን ሲያስተካክሉበት አይቻለሁ። ዕቃ ሥራ ሳይፈታ መዋሉ ደስ ያሰኛል።

ሦስተኛ፦ በአንድ ልክ ብቻ ስለመጡት ልብሶች ነው። ልብሶቹ የተሰፉት ለግዙፍ ወንድ ነው። የእህቴ ልጅ ሌላ ሰው ጨምራ ብትገባበት ቦታ ይተርፋል። እጅጌውን ጠቅልላ፣ ወገቡን ሰብስባ በፕላስተር ታስረዋለች፤ ያሰረችውን ፕላስተር ደግሞ ሲወጡ አንድ በአንድ መላጥ ግድ ነው፣ በላጠች ቁጥር እጇ ወደ አንገቷ ይጠጋል። ይህን በሁለተኛው ደብዳቤዬ በዝርዝር አመልክቼ ነበር። «ልጅቷ ትወፍር» የሚል መልስ እንኳ ቢመጣ ደስ ባለኝ፤ እሱም አልመጣም።

አራተኛ፦ እኔ በነበርኩበት ቦታ ስለተተካው ፖስተር።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ብዕሬ ትንሽ ቢሻክር ይቅርታዎን እለምናለሁ። ፖስተሩ ያማረ ነው፤ ወረቀቱ ወፍራም፣ ቀለሙ የማይለቅ። ከላይ ጀምሮ ሁለት ሦስተኛው የክቡርነትዎ ፎቶግራፍ ነው፤ ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ እንደሚባለው። በፎቶው ላይ መከላከያ ልብሱን ለብሰዋል፣ ቆቡን ወደ ኋላ ገፍተዋል፣ መነጽሩን ግንባርዎ ላይ ሰቅለዋል፣ ፈገግታዎ እንዲታይም ማስኩን ከአገጭዎ በታች አውርደዋል። ቀኑን አስታውሰዋለሁ። ልብሱ ከካርቶን የወጣ አዲስ ነበር፣ የለበሱትም በግቢው ዛፍ ጥላ ሥር ነበር፣ ወደ በሽተኞቹም ስላልገቡ ምንም አልነካዎትም። በቀረው ሲሶ ላይ አሥራ አራቱ ተራዎች የመድኃኒት ካርቶን ውስጥ በሚገኘው ወረቀት ፊደል መጠን ተጽፈዋል። የተለጠፈው ደግሞ ከበረኪናው ገንዳ ጀርባ ነው፤ ጉም በያዘው መነጽር እንኳን ተራዎቹን፣ እርስዎንም በቅጡ ማየት ያስቸግራል።

የጽዳት ሠራተኛችንን ያስታውሷታል ብዬ አላስብም። አጭር፣ ሳቂታ ሴት ነበረች፤ የአልጋዎቹን ሥር የምታጥበው እሷ ነበረች። ፊደል አልቆጠረችም። ድምፄን ግን ታውቅ ነበር። አሥራ አራቱንም ተራ በድምፄ እየተመራች ስትፈጽም እንደ እሷ ያለ ጠንቃቃ አላየሁም፤ የተማሩት ሲቸኩሉብኝ የእሷን እጅ እንዲያዩ እነግራቸው ነበር። ሰርኩላሩ በወጣ በሦስተኛው ሳምንት፣ ሥራዋን ጨርሳ ብቻዋን ወጣች። ከፖስተሩ ፊት ቆመች። የምታነብበው ስላልነበራት ሥዕሉን አየች። ሥዕሉ ላይ ያሉት ትልቅ ሰው እንዳደረጉት አደረገች፤ ቆቧን ወደ ኋላ ገፋች፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቀለች፣ ማስኳን ከአገጯ በታች አወረደች። የእህቴ ልጅ ከመስታወቱ በር ማዶ ሆና አይታ በሁለት እጇ በሩን ደበደበች። በድካም የደነዘዘ ሰው የበር ድብደባ ቶሎ አይሰማም።

በአራተኛው ቀን ትኩሳት ሲጀምራት ለምን እንዲያ እንዳደረገች ጠየቅናት። «ትልቁ ሰውዬ እንዲህ አድርገው የለም እንዴ?» አለችን፤ ተቆጥተንባት መስሏት ፈርታ ነበር። እኔ ከተኛሁበት በስተግራ ባለው አልጋ ቁጥር ሁለት ላይ ሞተች። ከቢሮዎ የወጣው የሐዘን መግለጫ «በሥራ ላይ ተገቢውን ጥንቃቄ ባለማድረጓ» ይላል። በሕይወት ኖራ ቢሆን እንኳ ልታነብበው ባለመቻሏ እንደ እሷ ዕድለኛ የለም። ልጆቿ ግን አንብበውታል።

የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም፣ ክቡር ሆይ። ፖስተሩ አሁንም በቦታው አለ።

አምስተኛ፦ ይህኛው ቅሬታ የሚመለከተው ራሴን ነው፤ ስለዚህ በራሴ ላይ የማቀርበው ክስ አድርገው ይመልከቱልኝ።

የዛሬ አሥራ አራት ቀን ጠዋት አንድ የአውቶቡስ ሾፌር ትንፋሽ አጥሮት ጉሮሮው ውስጥ ቱቦ ማስገባት ግድ ሆነ። በዚህ በሽታ ከሚሠሩት ሥራዎች ሁሉ እንደ እሱ የሚያስፈራ የለም። ሐኪሙ በበሽተኛው አፍ ላይ ይደፋል፣ በሽተኛው ያስላል፣ በሽታው በሳሉ ተጭኖ እንደ ካፊያ ክፍሉን ይሞላዋል። ሰመመን ሰጪው ሐኪም ረዳት አጣ፤ የእህቴ ልጅ ሌሊቱን ሠርታ ገና መውጣቷ ነበር። ከካርድ ክፍል ጠሩኝ። ለብሼ ገባሁ፤ የሾፌሩን ራስ እኔ ነበርኩ የያዝኩት። ሥራው ሰመረ። ያ ሰው ትናንት በገዛ እግሩ ወደ ቤቱ ሲሄድ ከመስኮቴ ማዶ ቆሞ፣ ፌስታሉን አንጠልጥሎ እጁን አውለብልቦልኛል። በዚህ በኩል የሚቆጨኝ ነገር የለም።

ሐኪሙ ሌላ በሽተኛ ስለሚጠብቀው ቀድሞኝ ወጣ። ዕቃውን ሰብስቦ፣ አካባቢውን አጽድቶ የሚወጣው ሁልጊዜ ረዳቱ ነው። ወደ ማውለቂያ ክፍሉ ስገባ ማንም የለም፤ ከግድግዳው እርስዎ ፈገግ ብለው ያዩኛል። ስለዚህ እኔው አንባቢ፣ እኔው አውላቂ ሆንኩ። ጮክ ብዬ ለራሴ አነበብኩ፣ ለራሴ ታዘዝኩ። እስከ ስድስተኛው ተራ ድረስ ጥሩ ሄድኩ። ከዚያ በኋላ ግን ስድስተኛውን አድርጌው እንደሆን፣ ወይስ ተናግሬው ብቻ እንደሆን ጠፋኝ። ያንኑ ነገር የሚናገርና የሚሠራ ሰው አፉ ከእጁ ይቀድማል፤ ይህን በሃያ ስድስት ዓመት አልተማርኩትም ነበር። ላቤ ይወርዳል፣ መነጽሬ ነጭ ነው። የትኛው ተራ ላይ እንደደረስኩ ከፖስተሩ ላረጋግጥ ፈለግሁ። አልታይ አለኝ። ጠጋ አልኩ፤ አሁንም አልታይ አለኝ። በሁለት ጣቴ፣ አንዲት ጣት ስፋት ያህል ብቻ፣ መነጽሬን ከፊት ይዤ ከፍ አደረግሁት። ያነበብኩት ተራ «መነጽሩን ከፊት በኩል አይንኩ» ይላል።

እኔ ነኝ ይህን ያደረግሁት። አሥራ ሁለት ወር ሙሉ ሰው እንዳያደርገው ቆሜ ስጮህ የኖርኩት እኔ፣ አማት። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኸው ነው። ከመነጽሩ ጠርዝ አንዲት ለብ ያለች ጠብታ ወደ ዐይኔ ስትገባ ተሰማችኝ። የቀሩትን ተራዎች ፈጸምኩ፣ ዐይኔን ታጠብኩ፣ ራሴን ለተረኛው ሐኪም አስመዘገብኩ፣ ቀን መቁጠር ጀመርኩ። በሰባተኛው ቀን ጉሮሮዬን ከረከረኝ።

እንግዲህ ጎልማሳ ሰው ልብሱን ለማውለቅ ረዳት የሚያስፈልገው ስለማያውቅ አይደለም። እኔ አውቅ ነበር። የደከመ ሰው የሚያውቀውን ነገር ብቻውን ሲሆን ያጣዋል፤ ከጎኑ ድምፅ ሲሰማ ያገኘዋል። ነገሩ ይኸው ነው፣ ከዚህ የተወሳሰበ ቢሆን ኖሮ በፖስተር ላይ አይገባም ነበር።

ስድስተኛ፦ ስለ ሦስቱ ደብዳቤዎቼ ቅሬታ ላቀርብ አስቤ ትቼዋለሁ። የመጀመሪያው «ደርሶናል» የሚል ማኅተም ተመቶበት ተመልሶልኛል፤ ማኅተሙ ጥርት ያለ ነበር። ሁለተኛው ዝም ተብሏል። የጽዳት ሠራተኛችን በሞተች ማግስት ለላክሁት ለሦስተኛው «ጉዳዩ በመታየት ላይ ነው» የሚል መልስ ደርሶኛል። ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ መሆኑን ባውቅም፣ እየታየ መሆኑን መስማት በራሱ ያጽናናል። እኔም ከዚህ አልጋ ሆኜ እያየሁት ነው።

ሰባተኛ፦ የመጨረሻው ነው፤ እባክዎ ቀስ ብለው ያንብቡት።

ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ትንፋሼ እያጠረ ሄዷል። ይህን ገጽ ለመጻፍ አራት ጊዜ አርፌያለሁ። ሰመመን ሰጪው ሐኪም ዛሬ ጠዋት ከመስኮቱ ማዶ ቆሞ በስልክ «እትዬ፣ ነገ አራት ሰዓት ላይ ቱቦ እናስገባልሻለን፤ ከዚያ በላይ መጠበቅ አልችልም» አለኝ። ደግ ልጅ ነው፤ ይህን ሲለኝ ዐይኔን አላየም። ማን እንደሚረዳው ጠየቅሁት። ለዚህ ሥራ ከሠለጠኑት ነርሶች ሁለቱ ከሰርኩላርዎ ወዲህ እንደ እኔ ቀን እየቆጠሩ ነው። የቀረችው አንዲት ናት። የእህቴ ልጅ።

ነገ የሚሆነውን ልንገርዎት፣ ደጋግሜ አይቼዋለሁና። ራሴን የምትይዘው እሷ ናት። እኔ አስላለሁ፤ ሰመመኑ እስኪይዘኝ ድረስ ሳሌን ልከለክለው አልችልም። ሳሌ በደረቷ፣ በክንዷ፣ በመነጽሯ ላይ ያርፋል። ሐኪሙ ቀድሟት ይወጣል። እሷ ዕቃውን ትሰበስባለች፣ አክስቷን እንደዚያ ተኝታ ስታያት ታለቅሳለች፤ መነጽር ውስጥ ማልቀስ ጉሙን ያባብሰዋል። ከዚያ ሰፊ ልብሷን እየጎተተች፣ በፕላስተር እንደታሰረች፣ ብቻዋን ወደ ማውለቂያ ክፍሉ ትገባለች። እዚያ የሚጠብቃት የእርስዎ ፈገግታ ነው።

እህቴ ስትሞት ልጅቷ አራት ዓመቷ ነበር። በበርጩማ ላይ አቁሜ እጅ መታጠብ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ወደዚህ ሙያም ያመጣኋት እኔ ነኝ፤ ሌላ ነገር ልትማር ስትል «የነርስ እንጀራ አይነጥፍም» ብዬ የጎተትኳት እኔ። አሁን የሚገድላት ከእኔ አፍ የሚወጣው ትንፋሽ ሊሆን ነው። ፈርቻለሁ፣ ክቡር ሆይ። ይህን በቀልድ አላልፈውም፤ ሞትን ከምፈራው በላይ ይህን እፈራለሁ።

እሷ «እኔ በቃሌ ነው የማውቀው፣ አትጨነቂ እትዬ» ትለኛለች። እኔም በቃሌ ነበር የማውቀው።

ስለዚህ ከታላቅ አክብሮት ጋር የሚከተለውን አሳውቃለሁ። ነገ ጠዋት አራት ሰዓት በማውለቂያ ክፍሉ ውስጥ፣ ከቀዩ መስመር ጀርባ፣ ጮክ ብሎ የሚያነብ አንድ ሰው ካልቆመ፣ ለቱቦው አፌን አልከፍትም። ሕክምና አልቀበልም የሚለው ቅጽ ዛሬ ከቀትር በፊት ተሞልቷል፤ ጸሐፊዋ ከመስታወቱ ማዶ ጻፈችልኝ፣ ሐኪሙ ምስክር ሆኖ ፈረመ። የእህቴ ልጅ መጀመሪያ ለመነችኝ፣ ቀጥሎ ተቆጣችኝ፣ «ድሮም ግትር ነሽ፣ ለእኔ ያሰብሽ እየመሰለሽ ልትገድዪኝ ነው» አለችኝ። አሁን ይህን ስጽፍ ከመስታወቱ ማዶ ወለሉ ላይ፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀምጣለች። ትከሻዋ አንዴ አንዴ ይነቃነቃል።

ማስፈራሪያ እንዳይመስልዎ። አልጋ ቁጥር ሦስት ላይ የተኛ ሰው ማንን ያስፈራራል? የማይሆን ነገርም አልጠየቅሁም። መስታወቱ እንግዶችዎን ያገልግል። ልብሶቹ እንደሰፉ ይቆዩ። ፖስተሩም ባለበት ይሁን፤ ማንበብ የሚችል ሰው ከፊቱ ይቁምልኝ እንጂ። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፤ እኔ ተቃጥያለሁ፣ ቅጠሉን የምለምነው ለሌላ ነው።

የሰው እጥረት አለ የሚሉኝ ከሆነ ደግሞ አንድ ትሑት ሐሳብ አለኝ፤ ክቡርነትዎ ራስዎ ይምጡ። ድምፅዎ የተዋጣለት ነው፤ በዓመታዊው ስብሰባ ላይ አርባ ገጽ ሪፖርት ውኃ እንኳ ሳይጎነጩ ሲያነብቡ ሰምተናል። የእኔ ካርድ በካርድ ክፍል መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ አሥራ አራት ተራ፣ ትልልቅ ፊደል። ማስክና የፊት መሸፈኛ ለእርስዎም ይሰጥዎታል። ከመስመሩ ጀርባ ቆመው፣ እጅዎን ወደ ኋላ አጣምረው ያነብባሉ። የሚነኩት ነገር የለም። ዘጠነኛው ተራ ላይ ስትደርስ ትቸኩላለች፤ ሁልጊዜ እዚያ ላይ ነው የምትቸኩለው። «ቀስ በይ» ይበሏት። ታጥቤያለሁ ስትልዎት «እንደገና ታጠቢ» ይበሏት። ታኮርፍዎታለች። ታኩርፍ። አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፤ ከዚያ ወደ ቢሮዎ ይመለሳሉ፣ እሷም ወደ ቤቷ።

እንግዲህ ዘመንዎ እንዲረዝም፣ ወንበርዎ እንዳይወዛወዝ፣ ከፊርማዎ በታች ያለ ሰው ሁሉ ዕድሜው እንደ እርስዎ እንዲረዝም እየተመኘሁ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ ለመንሳት ትንፋሹ ስላልበቃኝ እንደተጋደምኩ እጅ እነሣለሁ።

የክቡርነትዎ ታዛዥ፣

አማት
የቀድሞዋ የማውለቂያ ክፍል አንባቢ፣ የአሁኗ አልጋ ቁጥር ሦስት

ማስታወሻ፦ ሕክምና አልቀበልም በሚለው ቅጽ ላይ «ምክንያት» የሚል አንድ መስመር አለ። ጸሐፊዋ ምን ልጻፍ ብላ ጠየቀችኝ፤ ሐኪሙ «የግል ውሳኔ» ተብሎ ቢጻፍ እንደሚሻል መከረን። አስቤበት የክቡርነትዎን ስም አስጻፍኩ። ማዕረግዎን አንድም ሳላስቀር በሙሉ ስላስጻፍኩት መስመሩ አልበቃንም፣ ከኅዳጉ ላይ ጨረስነው። ቅጹ እንደ ደንቡ ከሬሳው ጋር ለቤተሰብ ይሰጣል፤ ቤተሰብ የምለው ደግሞ ጀርባዋን ሰጥታኝ የተቀመጠችውን ልጅ ብቻ ነው። ቀኑን ግን እስከ ነገ አራት ሰዓት ሳይሞላ ክፍት እንዲቆይ አድርጌያለሁ።